አዞው፣ ሟቹ እና የዶክተሩ ደብዳቤዎች

ኦሎምፒያ አካባቢ፣ በአንድ የጉዞ ወኪልና በአንድ ልብስ ሰፊ መሃል የተሰነቀረች ክፍል አለችኝ። እንጀራዬ የሰው ወረቀት መተርጎም ነው፤ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ ውክልና። የአንድን ሰው ጋብቻና ፍቺ በአንድ ሳምንት ተርጉሜ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ያን ያህል አይራራቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ሽበታቸው በሥርዓት የተበጠረ ትልቅ ሰው ገቡ። ወንበር ከመሳባቸው በፊት ዶክተር መሆናቸውን ነገሩኝ። ከተቀመጡ በኋላ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት መሆናቸውን ጨመሩ። ቦሌ ያለውን ክሊኒካቸውን ለልጃቸው አስረክበው አያት በሚገኘው ቤታቸው ጡረታ መውጣታቸውንም ሳልጠይቅ ሰማሁ። ከዚያ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረጉ።

«ትተረጉሚያለሽ?»

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው ዶክተር?»

«የሞተ ሰው ደብዳቤ ነው።»

«የውርስ ጉዳይ ነው?»

«የሳይንስ ጉዳይ ነው!» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ገደማ፣ አውሮፓ ውስጥ፣ አንዲት የወደብ ከተማ ላይ አንድ ሐኪም ነበረ። ሀብታም በሽተኞች ነበሩት። ከከተማው ወጥቶ የትም አልሄደም፤ ግን ዓለምን ቤቱ ውስጥ ካልከተትኩ ብሎ የሙጥኝ ያለ ሰው ነበር። ቀንድ፣ ዛጎል፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከግብፅ መቃብር የወጣ እጅ፣ ምን ያልሰበሰበው አለ! የሚሰበስበው ደግሞ በደብዳቤ ነው። ለመርከብ አዛዥ ይጽፋል፣ ለነጋዴ ይጽፋል፣ ለመነኩሴ ይጽፋል። መጽሐፉ እነዚህ ደብዳቤዎች ናቸው። ዶክተር ውጭ አገር ለስብሰባ ሄደው አግኝተውት፣ «ይህ ሰው እኔ ነኝ» ብለው ይዘውት መጡ።

«እንግሊዝኛውን አነብባለሁ» አሉኝ። «እኔን ያስቸገረኝ አማርኛው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ለናሙና ራሳቸው የተረጎሙትን አንድ ገጽ አሳዩኝ። ግሱ እንግሊዝኛ፣ ስሙ ላቲን ነው፤ የእኛ የሆነው «ነው» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ቤታቸው ውስጥ ሙዚየም ሊከፍቱ አስበዋል። የምረቃው ዕለት ለእንግዶች የሚታደል መጽሔት ደግሞ ያስፈልጋል፤ የእኔ ሥራ ይህ ሆነ። ሰውየው በመጽሐፉ ውስጥ ረጅም ስም ከነማዕረጉ አለው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ሟቹ» እለው ነበር።

የሟቹን ደብዳቤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም አንብቧል። በመጀመሪያ ውዳሴ ነው፦ የተቀባዩ ጥበብ፣ ደግነት፣ ዝና። ቀጥሎ የራሱ ሕመም ነው፦ ሪህ፣ ሪህ፣ አሁንም ሪህ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው፣ «እግረ መንገድህን እንዲህ ያለውን ነገር ብትልክልኝ» ይላል። በሕይወቱ ለማንም ነፃ ሰላምታ የላከ አይመስለኝም።

ዶክተር ከሁሉ የወደዱት ለአንድ የካይሮ ነጋዴ የተጻፈውን ነው። ሟቹ እዚያ ላይ ከሐበሻ ንጉሥ አገር ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ቀንድ እንዲመጣለት ይለምናል። ዶክተር ይህን ሲያነቡልኝ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር።

«አየሽ! ያኔም ያውቁን ነበር!»

«የሚያውቁን በቀንድ ነው ዶክተር።»

«ቢሆንስ? በቀንድም ቢሆን መታወቅ ነው!»

ብዙም ሳይቆይ ትርጉሙ ለሌላ ሥራ ቦታ ለቀቀ። ዶክተር እንደ ሟቹ መጻፍ ጀመሩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ወደ ሰው አማርኛ እለውጣለሁ፣ ደብዳቤው በየክፍለ ሀገሩ ላሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይሄዳል። ቴሌግራም እያለ በወረቀት፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ። ውዳሴው አለ፣ ልመናው አለ፣ መሃል ላይ ሪሁ አለ። እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥቼ ጠየቅኳቸው።

«ዶክተር፣ ሪህ አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ?»

«ደብዳቤው ያለ ሪህ ጎደሎ ሆነብኝ።»

ተማሪ መምህሩን ይፈራልና ዕቃው መጣ። ከአፋር በኩል አንድ ረጅም የሳላ ቀንድ መጣ። ከደቡብ፣ ከሐይቁ ዳር ከሚሠራ ሐኪም፣ በጭድ የተሞላ አዞ መጣ። መንገድ ላይ አንድ ዓይኑ ወድቆ ኖሮ ላኪው የልጆች መጫወቻ ብይ ተክቶበታል። ሰማያዊ ብይ። አዞው በግራ ዓይኑ እንደ አዞ፣ በቀኙ እንደ ፈረንጅ ያይ ነበር።

ክሊኒኩ ላይም ወሬው ተሰማ። ዶክተር አንዳንድ ነባር በሽተኞቻቸውን አሁንም ያዩ ነበርና፣ ገርጂ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ደም ግፊት የሚያስቸግራቸው አንድ የወሎ ሐጂ «ዕቃ ይዞ የመጣ ቶሎ ይገባል» የሚለውን ሰምተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ያን ቀን ለፊርማ ሄጄ አጠገባቸው ነበርኩ። ፌስታሉ ሲፈታ ብርቱካን የምታህል፣ ቡናማ፣ ልሙጥ ድብልብል ወጣች።

«ከየት ናት?» አሉ ዶክተር።

«ከበሬ ሆድ ናት። ዋናው ነገር ዶክተር፣ ወረፋው ላይ እኔ ከማን ቀጥሎ ነኝ?»

ሟቹ በየደብዳቤው የሚለምናት አንዲት ነገር ነበረች፤ ከእንስሳ ጨጓራ የምትወጣ፣ መርዝ ታረክሳለች ተብላ በወርቅ የምትገዛ ድንጋይ። ዶክተር ድብልብሏን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዷት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨጓራ ያከሙ ሰው ናቸው። ሐጂውን አስቀድመው አስገቧቸው። የሌሎቹን በሽተኞች ፊት ግን ማየት አልፈለግኩም።

አያት ወደሚገኘው ቤታቸው መመላለስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ወርጄ ትንሽ እንደተራመድኩ አገኘዋለሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ሶፋዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ መሃል ላይ፣ የቴሌቪዥኑ ፊት፣ አዞው ተጋድሟል።

የዶክተር ባለቤት የወለጋ ሰው ናቸው። ባንክ ቤት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰው ሲያናግሩ አሁንም ብድር ሊከለክሉት ይመስላሉ። ጴንጤ ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የጸሎት ኅብረታቸው በዚያ ሳሎን ይሰበሰባል። አንድ ቀን በእጃቸው ጠቅሰው ማእድ ቤት አስገቡኝና በሩን ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው?»

«እኔ የምጽፈው ብቻ ነው እትዬ።»

«ጲላጦስም እጁን ታጥቧል» አሉ። ከዚያ ከመሶቡ ላይ አንድ ወረቀት አንሥተው ሰጡኝ። «ይሄን ደግሞ ተርጉሚልኝ።»

አየሁት። «አማርኛ እኮ ነው እትዬ።»

«ነው ይላል።»

ዶክተር ለገዛ ሚስታቸው የጻፉት ደብዳቤ ነበር። በአዞው የተነሣ ከተኮራረፉ ሰነባብተዋል። አንድ ጣራ ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ። ዶክተርም ሟቹ ከሚስቱ ጋር የተጻጻፈውን አንብበው ኖሮ ነገሩን በዚያው መንገድ ለመፍታት ወስነዋል። «ክብርት ሆይ፣ የጥበብሽ ብርሃን» ብሎ ጀምሮ፣ በሪህ በኩል አልፎ፣ የአዞው መኖር ለቤቱ ክብር ነው ወደሚለው ይደርሳል።

«ጻፊ» አሉኝ ወይዘሮዋ፤ ሽንኩርት እየላጡ። ጻፍኩ።

«ለባለቤቴ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ሪህ የለብኝም፤ አንተም የለብህም። ረቡዕ ኅብረቱ ይመጣል። አዞው ይውጣ።»

ከማእድ ቤቱ እስከ ዶክተር የንባብ ክፍል ያለው ኮሪደር ረጅም አይደለም። እኔ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ፖስተኛ ሆንኩ። ዶክተር የሚስታቸውን መልስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ተነፈሱ፣ መልስ አጻፉ፦ የሟቹ ሚስት መኝታ ቤቷ ውስጥ የሞተ ግብፃዊ እጅ ተቀምጦ አንድ ቀን አላጉረመረመችም። ወስጄ ሰጠሁ። ወይዘሮዋ ቀና እንኳ ሳይሉ «‹እሷም ሞታለች› በይልኝ» አሉ።

በዚያ ሳምንት ከተላላኩት ሁሉ የረባው የመጨረሻው ነው። አዞው አይወጣም፤ ግን ረቡዕ ረቡዕ በአልጋ ልብስ ይሸፈናል። ዶክተርም አንድ አንቀጽ አስጨመሩ፦ ተርጓሚዋ አጠገቡ ተቀምጣ አልጋ ልብሱን ትጠብቅ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በጴንጤ ጸሎት ላይ የአዞ ዘበኛ ሆኜ እቀመጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ተቀመጥኩ። ሳሎኑ ሞላ። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ያ በአበባማ አልጋ ልብስ የተሸፈነ ረጅም ነገር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አንዲት ሴት ብቻ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «የታመመ ሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም «ቆየት ብሏል» አልኩ።

የኅብረቱ መጋቢ ስብከት ጀመሩ። ከርእስ ሁሉ መርጠው ያመጡት ስለ ስውር ኃጢአት ነው። እያንዳንዳችን ቤት ጓዳ ውስጥ የሸፈንነው ነገር አለ፣ ሰው አያየውም፣ ጌታ ግን ያየዋል፣ እያሉ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ጸሎቱ ጋለ። አጠገቤ ያሉት ትልቅ ሴት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ፣ ለድጋፍ ያህል እጃቸውን ዘረጉና አልጋ ልብሱን ያዙ። «እማማ፣ እማማ» አልኩ። ማን ይስማኝ? መጋቢው «ይገለጥ!» ሲሉ አልጋ ልብሱ ሸርተት አለ።

አዞው በሰማያዊ ብዩ ምእመናኑን አየ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ጩኸት ነበር። ከረባት ያሰረ አንድ ትልቅ ሰውዬ ሶፋውን በጀርባው በኩል ተሻግሮ ሲያልፍ አይቻለሁ። መጋቢው ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ አልሸሹም፤ እጃቸውን ዘርግተው «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» አሉት። አዞው አልወጣም። የወጡት ዶክተር ናቸው። ከንባብ ክፍላቸው በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጥተው አዞው ላይ ተደፉበት።

«እንዳትነኩት! ቅርስ ነው! ቅርስ ነው!»

በማግስቱ ስብስቡ በሙሉ ግቢው ጀርባ ወዳለው ሰርቪስ ቤት ተዛወረ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደብዳቤ አልነበረም።

ዶክተር ተሰበሩ። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አላጻፉኝም። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው እንደ ሙሽራ ፈክቷል። አውሮፓ ያለ አንድ ሰው፣ እንደሳቸው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ በኢንተርኔት ከተዋወቁ ወዲህ ሲጻጻፉ የነበሩት፣ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ ቦሌ ላይ ለግማሽ ቀን ይቆያል። ስብስቡን ሊያይ ይፈልጋል። ብቻ፣ እንዲህ ያለ እንግዳ እንዴት ተደርጎ ሰርቪስ ቤት ይገባል?

«ለባለቤቴ አንድ ደብዳቤ እናዘጋጅ» አሉ። አዘጋጀን። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ያማረ ነበር። ወይዘሮዋ ግን ሳይከፍቱት መለሱልኝ።

«በአፉ ይጠይቀኝ በይው።»

ዶክተር ወደ ማእድ ቤቱ ሲገቡ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ መውጫ አጣሁ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳሎኑን... ማለቴ፣ ለአንድ ቀን ያህል...»

«ለማን ነው የምታወራው? ለካላንደሩ?»

«ላንቺ ነው።»

«እንግዲያው እኔን እያየህ ጠይቀኝ።»

ዶክተር ዞሩ። ያን ጊዜ ሽማግሌ መሆናቸውን አየሁ። «እባክሽ» አሉ፤ «ሳሎኑን ለአንድ ቀን ፍቀጂልኝ። ሰው ፊት እንዳላፍር።»

«ይኸው፣ አልሞትክም» አሉ ወይዘሮዋ። «ውሰደው። ምሳም እሠራለሁ።»

ብዙ ነገር ያሾፍኩባቸው ሰው ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንጀቴን በሉኝ።

እንግዳውን ከዶክተር ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ለዶክተር ያመጣላቸው ስጦታ ከማረፊያው ሱቅ የተገዛ ቸኮሌት ነበር። ዶክተር መኪናው ውስጥ ስለ ሟቹ፣ ስለ ሐበሻው ቀንድ፣ ስለ እሳቸውና ስለ እንግዳው ወዳጅነት ሲያወሩ እሱ በመስኮት ፎቶ ያነሣል። ባጃጅ፣ አህያ፣ ያላለቀ ፎቅ።

ሳሎኑ አምሯል። አዞው ተወልውሏል። ዶክተር ለዚሁ ቀን ያሰፉትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እንግዳው ቀንዱን አየና «ጥሩ ነው» አለ። አዞውን አየና «ጥሩ ነው» አለ። ድብልብሏን ሲያይ ትንሽ ፈገግ አለ። ወይዘሮዋ የወለጋውን ምግብ አንጮቴ ሠርተው፣ በአይብና በቅቤ አቀረቡ፤ እንግዳው ከበላበት ጊዜ ይልቅ ሳህኑን ፎቶ ያነሣበት ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ ዞር ብሎ ዶክተርን ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ እስከዚያች ሰዓት ልብ ብሎ ያላያቸው ይመስል።

«ባህላዊ ልብስ የለህም?»

ዶክተር ከሠርጋቸው ካባ በቀር ባህላዊ ልብስ አልነበራቸውም፤ ካባው ደግሞ ለሠላሳ ዓመቱ ወገባቸው የተሰፋ ነው። ወይዘሮዋ ከትከሻቸው ላይ ነጠላቸውን አውርደው ሰጧቸው። ዶክተር ኮታቸውን አወለቁ፣ ከረባታቸውን ፈቱ፣ ነጠላውን ተጎናጸፉ። እንግዳው አዞው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። በቀኝ እጃቸው ቀንዱን፣ በግራቸው ድብልብሏን አስያዛቸው። ከፊት አነሣቸው። ከጎን አነሣቸው።

«አፍህን ክፈት» አላቸው መጨረሻ ላይ። ከፈቱ። ጎንበስ ብሎ አየ። «ሁሉም የራስህ ናቸው?»

«የራሴ ናቸው» አሉ ዶክተር በኩራት።

«አስደናቂ!» አለ እንግዳው። ያን ቀን ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ትልቁ አድናቆት ይህ ነው። ዶክተርም እስከ ማታ በደስታ ሲያንጸባርቁ ዋሉ፤ «የሙያ ሰው መሆኑን አየሽ?» እያሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ «ነይ» ብቻ የሚል አጭር ጥሪ ደረሰኝ። ዶክተር የንባብ ክፍላቸው ውስጥ ላፕቶፑን ከፍተው ተቀምጠዋል። የእንግዳው ሙዚየም ድረ ገጽ ነው። አዞው አለ፣ ቀንዱ አለ፣ የአንጮቴው ሳህን ሳይቀር አለ። መሃል ላይ ዶክተር በነጠላ ተቀምጠዋል። ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መግለጫ አለ።

«በአማርኛ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ገብቶዎታል እኮ።»

«ገብቶኛል። በአማርኛ ሲሆን ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሞከርኩ። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የሚኖር ሽማግሌ፣ ከፈውስ ዕቃዎቹ ጋር ይላል። ሽማግሌ ከሚለው ቀጥሎ ያለችው ቃል ናት ያስቸገረችኝ። «አዋቂ ማለት ይቻላል» አልኩ።

«አዋቂ?» ፊታቸው ትንሽ ፈካ። «አዋቂ ይላል?»

ከበሩ በኩል የወይዘሮዋ ድምፅ መጣ። «ጠንቋይ ማለቷ ነው።»

ዶክተር ላፕቶፑን ዘጉት። ከዚያ ከፈቱት። ከዚያ «ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ውዳሴው አለ፤ ሪሁም አለ፤ በመጨረሻ በታላቅ ትሕትና፣ እኔ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት እንጂ እንዲያ ያለ ሰው አይደለሁምና ብታስተካክልልኝ ይላል። እንግዳው በማግስቱ በጨዋነት መለሰ፤ አስተካክሏል። ገጹን ከፈትነው። «ዶክተር» የሚል ቃል ገብቷል፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ።

ያን ቀን ዶክተር በቁጣ ሲጮኹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። ወይዘሮዋ መጥተው እኔን ከወንበሩ አስነሥተው ተቀመጡ። የባንክ እንግሊዝኛ ውዳሴ አያውቅም። ያለ ፈቃድ የተለጠፈው የባለቤቴ ፎቶ ይነሣ፤ ካልሆነ በሕግ እንነጋገራለን። ይኸው ነው። ስማቸውን ጻፉ፣ ላኩ፣ ወደ ማእድ ቤታቸው ተመለሱ።

ፎቶው ተነሣ። እኔም ነገሩ አበቃ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዶክተር ግን ማያ ገጹ ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

«እኔን አውጥቶ አዞዬን አስቀረው» አሉ።

«እንዲያወጣዎት አይደል የፈለጉት?»

«እሱስ ነው» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ፎቶው ግን ጥሩ ነበር» ብለው ጨመሩ።

ትርጉሙ ግን አላለቀም ነበር። ዶክተር መጽሐፉን ያነበቡት እስከ ግማሹ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው፤ እኔ ግን ገጽ የምዘልበት ፈቃድ የለኝም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ለዚያው ለካይሮው ነጋዴ የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ አገኘሁ። ቀንዱ አልመጣም መሰለኝ ሟቹ ቅሬታ አለው። ሪሁ ብሶበታል። ከዚያ እግረ መንገዱን፣ እንደ ልማዱ፣ ይጠይቃል፦ ቀንዱ ከጠፋ፣ ከዚያው ከሐበሻ አገር አንድ ሰው ቢገኝ፤ ወጣት ቢሆን፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን፣ በሕይወት ማምጣት ከከበደም በጨው ተደርጎ።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከኮምፒውተሬ ተነሥቼ ወደ አያት ሄድኩ። መጽሐፉን ገልጬ ዶክተር ፊት አስቀመጥኩት። ቃል በቃል፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ወይዘሮዋ ከትከሻቸው በላይ ሆነው አብረው አነበቡ።

«ይሄን ተርጉሚው» አሉ ዶክተር።

«ለመጽሔቱ?»

«አዎ። መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ሪሁንም እንዳትተዪ።»

ሙዚየሙ የተመረቀው በሰርቪስ ቤቱ ነው። ከጠበቅኩት በላይ ሰው መጣ። አዞውን የላከው ሐኪም ከደቡብ መጣ። ሐጂው ከገርጂ መጡ። መጋቢው ሳይቀሩ መጥተው አዞውን ከሩቅ በአንገታቸው ሰላም አሉት። ዶክተር ንግግር ያደርጋሉ ተብሎ ሁሉም ሰዓቱን እያየ ነበር፤ የዶክተር ንግግር ይታወቃላ። እሳቸው ግን መጽሔቱን ገልጠው ያን ደብዳቤ ብቻ፣ በአማርኛ፣ ከውዳሴው እስከ ጨው ድረስ አነበቡና መጽሔቱን ዘጉት።

ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እጁን ወዴት እንደሚያደርግ አጣ። መጨረሻ ላይ ሐጂው ጠየቁ።

«ላከለት?»

«የነጋዴው መልስ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አሉ ዶክተር።

«እንግዲህ ልኮለታል ማለት ነው» አሉ ሐጂው። «ነጋዴ ነኝ፤ አውቃለሁ። እንቢ ቢለው ኖሮ ሰውየው እንደገና ጽፎ በለመነው ነበር።»

ወይዘሮዋ ምግቡ እንዳይበርድ ብለው ሰውን ወደ ቤት አስገቡ፤ ሁላችንም በላን፤ ሰው ደግሞ ሲበላ ያወራል፣ ይስቃል። ባልና ሚስቱ ባቡር ጣቢያው ድረስ በመኪና ሲሸኙኝ ገና ከግቢው ሳንወጣ ተጣሉ። ዶክተር በዋናው መንገድ እንሂድ ይላሉ፤ ወይዘሮዋ በውስጥ ለውስጥ ይሻላል ይላሉ። እየጮኹ፣ አንዱ የሌላውን ንግግር እያቋረጡ፣ እኔ ኋላ መቀመጫ ላይ መኖሬን ረስተው። በዋናው መንገድ ሄድን። ተዘግቶ ነበር።